በጆሮ የተወጠረ ጎማ

ጥር 8 ቀን
ከጡብ ፋብሪካው ከተማ

ይድረስ ለውድ ጋሼ፣

እርስዎና እትዬ እንደምን ሰነበታችሁ? ደጃችሁ ሰው አይጣ፣ ቤታችሁ ሳቅ አይጣ። እኔ ከእግሬ መዛልና ከአፍንጫዬ መላጥ በቀር ደህና ነኝ።

በዘጠኝ ቀን አራት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በብስክሌቴ ነድቻለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሌሊት ማደር አልሆነልኝም። ያረፍኩበት ክፍል መስኮት ለፀሐይ የተሰጡ ጡቦች ላይ ይከፈታል፤ ጎህ ሲቀድ የጭነት መኪኖቹ ሲነሱ እኔም አብሬ እነሳለሁ። የምሠራበት የመነጽር ቤት ባለቤት የሁለት ወር ፈቃዴን ሲፈርምልኝ «ሰው እኮ ለዕረፍት ሲወጣ ያርፋል» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ተቀምጬ ምሳ መብላት እንኳ ተስኖኛል፤ ዳቦዬን በአንድ እጄ፣ መሪውን በአንድ እጄ ይዤ ነው የምውለው።

ለጨዋታ ያህል አንድ ነገር ልንገርዎ። ትናንት ሜዳ ላይ ስነዳ ከኋላዬ አንድ ጭብጨባ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል ማንም የለም። ስወርድ ለካ ባለፈው ወር እርስዎ ካሰሩልኝ የኋላ ጎማ ሠላሳ ስድስት ሽቦዎች አንዱ ተበጥሷል፤ በማርሹ በኩል ያለው። የዚህ ከተማ ጠጋኝ ቶሎ ተካልኝ። ጎማውን አሽከርክሮ ሲያየው ግን ቅንድቡን አነሳና ማን እንዳሰረው ጠየቀኝ። አጎቴ ነው አልኩት። የሽቦውን ውጥረት በምን ለክቶ አለኝ። በጆሮው አልኩት። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ምንም አይደለም፣ ሽቦ ይበጠሳል።

ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ስልኩ ጮሆ ጮሆ ተዘጋ። እትዬ ገበያ ወጥታ ይሆናል። ስነሳም ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ «ጋሼ፣ ሄድኩ» ብዬ ነበር። ሥራ ላይ አጎንብሰው ስለነበር ልረብሽዎ አልፈለግኩም።

መልስዎን ሁለት ድልድይ ወዳለው ከተማ ፖስታ ቤት ይላኩልኝ፤ በወሩ መጨረሻ እደርሳለሁ።

የእህትዎ ልጅ፣
ቀዥቃዣዋ


ጥር 17 ቀን
ከሱቅ

ለልጄ ለቀዥቃዣዋ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ። መንገዱ ይቅናሽ፣ ውሻና የጭነት መኪና ሾፌር ይራቅሽ። ደብዳቤሽን አክስትሽ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ከዚያም ለብቻዬ ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

በመጀመሪያ ስለ ሽቦው። አርባ አንድ ዓመት ጎማ ሳስር የእኔ ጎማ በዘጠኝ ቀን ሽቦ በጥሶ አያውቅም። ወይ ጭነት አብዝተሻል ወይ ጉድጓድ ዘለሻል። አንቺን አላውቅሽም እንዴ? በሰባት ዓመትሽ ደረጃ በብስክሌት የወረድሽ ሰው ነሽ። በምን ለክቶ ላለሽ ሰውዬም፣ እናት የልጇን ለቅሶ የምትለየው በመለኪያ ነው ወይ ብለሽ ብትጠይቂልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሽቦ በጥፍር ሲነካ ይናገራል። ሲጠብቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲላላ ይጎረንናል፤ ጎረቤቱ ካለው ጋር አንድ ቃል እስኪናገር ማጥበቅ ነው፣ በቃ። አሁን ከማዶ ሱቅ የከፈተው ጎረምሳ፣ ባለመለኪያው የምለው፣ ሽቦ የሚለካበት መሣሪያ አስመጥቶልሻል። እንደ ሐኪም አንገቱ ላይ ሊያንጠለጥለው ምንም አልቀረው።

ስልኩን ተይው። መስመሩ ይንጫጫል። ደብዳቤ ይሻላል፣ ቢያንስ ቃል አይውጥም። በሩ ላይ ሦስት ጊዜ ጠራሁ ያልሽውም፣ አንቺ እየሮጥሽ ነው የምትናገሪው፤ ማን ይይዝሻል?

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከሁለቱ ድልድዮች ከተማ በላይ ባለው ተራራ ላይ ፍል ውሃ አለ ብሎኛል መጽሐፍ ሻጩ። ብስክሌት የሚደርሰው እስከ ማረፊያ ቤቱ ነው አሉ፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ከመንገድሽ ብዙም አያስወጣሽም። አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዘሽልኝ ነይ። ለጉልበቴ ነው።

አጎትሽ

እኔ አክስትሽ ነኝ። ይህን የምጨምረው እሱ ፖስታ ሊገዛ ሲወጣ ነው። ጉልበቱ ምንም አልሆነም፤ ትናንት ጣራ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ ዋለ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አያገኝም ብለው አልሰማኝም። እንዴትስ ይስማኝ? ሌላውን አንቺም የምታውቂው ይመስለኛል። በወሩ መጨረሻ እህቴን ላያት እሄዳለሁ፤ ብቻውን መተዉ ከብዶኛል።


ጥር 29 ቀን
ከሁለቱ ድልድዮች ከተማ

ይድረስ ለውድ ጋሼ፣

ደብዳቤዎ እኔን ሲጠብቅ አገኘሁት፤ እርስዎንም ጤና ይጠብቅዎ። ለእትዬ ጽሑፏ ደርሶኛል ይበሉልኝ።

በስድስት ቀን ውስጥ ሌሎች ሦስት ሽቦዎች ተበጠሱ። ጉድጓድ አልዘለልኩም። ጭነቴን ቀንሻለሁ፤ ትርፍ ጫማዬን ለአንዲት ልብስ አጣቢ ሰጥቻታለሁ። ሦስቱም በማርሹ በኩል ናቸው፤ ራሴ ተካኋቸው። አንድ መለዋወጫ ብቻ ቀርቶኛል። እየነዳሁ የማዳምጠው ጎማውን ሆኗል። ወፍ ድንገት ስትጮህ እንኳ ፍሬን እይዛለሁ። በቀደም አንድ ሰው ከኋላዬ በጣቱ ቢያፏጭ ከብስክሌቱ ዘልዬ ወረድኩ፤ ሰውየው በግ ነበር የሚጠራው።

ፍል ውሃው ዘንድ እሄዳለሁ። ነገ እነሳና በሁለት ቀን ማረፊያ ቤቱ እደርሳለሁ፤ በማግስቱ በእግሬ ወጥቼ ውሃውን ቀድቼ እመለሳለሁ። ከዚያ በማዶ በኩል እስከ ሐይቁ ድረስ ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው ይላሉ። ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር ፔዳል ሳይመቱ። ዳገቱን የምወጣው ግማሹ ለጠርሙስዎ ከሆነ ግማሹ ለዚህ ነው።

አንድ ጥያቄ፤ የሚያምዎ የትኛው ጉልበትዎ ነው? ቀኙ ነው ግራው? ምናልባት ውሃው ይለይ እንደሆነ ብዬ ነው።

የማረፊያ ቤቱን ስልክ ቁጥር ከታች ጽፌዋለሁ፤ ለእትዬ ይስጡልኝ። የእርስዎን ደብዳቤ ግን ከሐይቁ ከተማ ፖስታ ቤት እወስዳለሁ።

ቀዥቃዣዋ


የካቲት 7 ቀን
ከሱቅ

ልጄ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ዛሬ ሰላምታውን አላስረዝመውም።

ይህ ሲደርስሽ ብስክሌቱን ገልብጪና የኋላውን ጎማ ሽቦዎች አንድ በአንድ በጥፍርሽ ንኪያቸው። ድምፃቸውን በተራ ጻፊልኝ። ቀጭን ከሆነ ቀጭን፣ ጎርናና ከሆነ ጎርናና በይ። አንዱንም አትዝለይ።

ለምን ብትይ፣ ትናንት መጽሐፍ ሻጩ ጎማ አንጠልጥሎ መጣ። ካንቺው ጎማ ጋር በአንድ ሰሞን ያሰርኩለት ነው። ሁለት ሽቦ ተበጥሷል፣ በማርሹ በኩል። ሳቅ እያለ ነው ያቀበለኝ፤ እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ሱቁን ዘጋሁና ወደ ማዶ ተሻግሬ የባለመለኪያውን መሣሪያ ተዋስኩ። ለምን እንደፈለግኩት አልጠየቀኝም፤ ያ ልጅ ለካ ጨዋ ነው።

አንዱ ሽቦ ሃያ አራት አለ። ጎረቤቱ ዘጠኝ። ቀጥሎ ሃያ ሁለት፣ ቀጥሎ አሥራ አንድ። መሣሪያው ተበላሽቷል አልኩ። እንዳይቆጨኝ ከጣራው ሥር የሰቀልኩትን፣ የዛሬ አሥር ዓመት ያሰርኩትን አሮጌ ጎማ አወረድኩና ለካሁት። ሠላሳ ስድስቱም ሃያ ነው።

እንግዲህ መሣሪያው አልተበላሸም።

እስከዚህ ከጻፍኩ በኋላ ነው አንድ ነገር የታየኝ። ይህ ደብዳቤ የሚጠብቅሽ ሐይቁ ዘንድ ነው። ሐይቁ ደግሞ ከቁልቁለቱ በኋላ ነው። አክስትሽ እህቷ ዘንድ ናት። ስልክ ቁጥሩ እፊቴ ነው።

አጎትሽ


የካቲት 8 ቀን
ከተራራው ማረፊያ ቤት

ይድረስ ለውድ ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ ጤና ሆነው ያግኝዎ፤ ደህና ያልሆነም ነገር ካለ ይንገሩኝ።

ጭጋግ እዚህ አራት ቀን አግቶኝ ነበር። ከአልጋው እስከ መስኮቱ ሰባት እርምጃ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት እኔ ነኝ የማውቀው። ባለ ማረፊያዋ፣ ትከሻ ሰፊ፣ ባለ ወፍራም ድምፅ ሴት ናት፣ ከታች ሆና ጣራዋ ሲንኳኳ ሰልችቷት ወጣች። «ልጄ፣ ወለሌን ጨረስሽው እኮ። ተቀመጪ፣ ተራራው የትም አይሄድም» አለችኝ። እሱማ አይሄድም፣ የምሄደው እኔ ነኝ አልኳት።

ትናንት ጠዋት ገለጠ። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፌ ጠርሙስዎን በጀርባዬ አዝዬ ወጣሁ። ፔዳል የለመደ እግር መሬት ሲረግጥ እንደ እንግዳ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። መንገዱ አንዲት ወንዝ ሦስት ጊዜ ያሻግራል፤ በመንገዱ ምልክት የለም፣ ምልክቱ ወንዟ ናት ብለውኛል። በመጀመሪያው መሻገሪያ ውሃው አጥንት ይሰብራል። በሁለተኛው ቅዝቃዜው ለዝቧል። በሦስተኛው ሕፃን የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ከዚያ የክብሪት ዓይነት ሽታ መጣ፣ ድኙ ነው፤ ድንጋዮቹ ቢጫ ሆኑ፤ ከቋጥኙ ሥር እንፋሎቱ ታየኝ። ሦስት ገንዳ አለ። የላይኛው እጅ አያስገባም። የታችኛው ከቀዝቃዛው ወንዝ ጋር ስለሚገናኝ ሙቀቱ ልክ ነው።

አንዲት አሮጊት እስከ አንገታቸው ገብተው ነበር። ጠርሙሱን አይተው ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ለአጎቴ ጉልበት ነው አልኩ። አዩኝ፣ ደግመው አዩኝና «ጉልበቱ ከሆነ ይዞት ይምጣ። ይኼ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ውሃ ነው» አሉኝ።

ገባሁ። ሰውነቴ ሲፈታ ጭንቅላቴን ወደ ኋላ ለቀቅኩት፤ ውሃው ጆሮዬን ሸፈነው። አሮጊቷ ያወሩኛል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው ይወናጨፋል፣ ይስቃሉም። አንድ ቃል አልሰማሁም። ሲስቁ ሳቅኩ። ሲያቆሙ አንገቴን ነቀነቅኩ። ያን ጊዜ እርስዎን አየሁዎት፣ ጋሼ። ደንበኛ ሲያወራዎ እንዲህ ነው የሚነቀንቁት።

ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ሳልቁነጠነጥ የተቀመጥኩት እዚያ ነው። ስለዚህ የማልጽፈውን ልጻፍ። ጎማውን የሰጡኝ ዕለት ማታ ክፍሌ ውስጥ ሽቦዎቹን በጥፍሬ ነካኋቸው። ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ጎርናና፣ አንዱም ከጎረቤቱ ጋር አይስማማም። የዚያኑ ሌሊት አውቄያለሁ። ቀኑን ሙሉ ለማላውቀው ሰው «ዓይንዎ ደክሟል» ስል የምውል ሰው፣ ለእርስዎ ጆሮዎ ደክሟል ማለት አቃተኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ጎማውን እንዳልመልሰው ፊትዎ ላይ የነበረው ደስታ ታየኝ። እናም ጫንኩና ሄድኩ። ይህን ሁሉ አገር የሮጥኩት ከዚያ ድምፅ ልሸሽ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሥሬ አብሮኝ ይሽከረከራል።

ከሰዓት ስመለስ ባለ ማረፊያዋ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር። እንደነገረችኝ ልንገርዎ። ስልኩ ጮኸ፣ አነሳች፣ አፏን ሳትከፍት አንድ ሽማግሌ ጀመሩ። «ለእህቴ ልጅ ንገሩልኝ። በዚያ ጎማ ቁልቁለቱን እንዳትወርድ። ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ጆሮዬ አይሰማም።» እሺ አለች። እሳቸው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። እሺ ብላ ጮኸች። ለሦስተኛ ጊዜ ጀመሩ። ወጥ ቤቱ ምን ተፈጠረ ብሎ ማንኪያውን ይዞ እስኪወጣ ድረስ እሺ፣ እሺ አለች። ሽማግሌው በመጨረሻ «እሺ ብላችሁኝ ይሆናል» ብለው ዘጉ።

ይህን ስትነግረኝ ሳቅ አልነበራትም። እኔም ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ልወርድ የነበርኩት በዚያ ጎማ ነው። በምትኩ ብስክሌቱን ግቢው ውስጥ ገልብጬ ሽቦዎቹን በሙሉ አላላኋቸው፤ ከዚያ እንደነገሩኝ አንድ በአንድ እየነካሁ፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያጠበቅኩ፣ በየወገናቸው አንድ ቃል እስኪናገሩ ድረስ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ባለ ማረፊያዋ በመስኮት ብቅ ብላ ልትዘፍኚበት ነው ልትሄጂበት ብላኛለች። መልካም ይመስለኛል። ግን ዓመታት ጎማ ያላሰረ እጅ ነው የሠራው፤ ስለዚህ እየገፋሁት ነው የምወርደው። ሃያ ሰባቱን ኪሎ ሜትር፣ በእግሬ፣ በሁለት ቀን። የሚያልፈኝ ሁሉ ይሳቅ።

ሐይቁ ዘንድ ሆኜ መልስዎን እጠብቃለሁ። አዎ፣ እኔ፣ ቁጭ ብዬ።

ጠርሙሱን ሞልቼዋለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው አልልዎትም።

ቀዥቃዣዎ


የካቲት 18 ቀን
ከሱቅ

ለልጄ፣

እግርሽን ያጠነከረ፣ እጅሽንም ያጠነከረ ይመስገን።

ደብዳቤሽ የመጣው ዛሬ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ ጀምሮ ስልኩ የት እንደገባ፣ ማን እንዳነሳው፣ ከነጭራሹ ሰው ማንሳቱንም ሳላውቅ ነው የሰነበትኩት። በማግስቱ የተመለሰችው አክስትሽ ልደውል ስትል ትንሽ ከለከልኳት፤ ክፉ ቢሆንስ ብዬ። ኋላ ስትደውል ባለ ማረፊያዋ፣ እየገፋች ሄዳለች አለቻት። አክስትሽ ነገረችኝ፤ በወረቀትም ጽፋ ሰጠችኝ፤ እኔ ግን የአንቺን ጽሑፍ እስካይ አላመንኩም። እሷ እስክትደውል ድረስ አንድ ጎማ አልነካሁም።

የደወልኩት ከልብስ ሰፊው ቤት ነው። ሰው እንዳይሰማኝ ብዬ እሱን ወደ ውጭ አስወጣሁት፣ ድምፄንም ዝቅ አደረግኩ። አደረግኩ መስሎኝ ነበር። ዘግቼ ዞር ስል በሩ ላይ ልብስ ሰፊው፣ መጽሐፍ ሻጩና ባለመለኪያው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የዳቦ ቤቱ ሰልፍ እንዳለ ወደ እኔ ዞሯል። ለካ መንገዱ ሙሉ ነው የሰማው። ሁለት ዓመት የደበቅኩትን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አወጅኩት። ልብስ ሰፊው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለ አሉ። አክስትሽ ናት የነገረችኝ፣ ፊቱን ሳየው ግን እንደዚያ ያለ ነገር እንደተናገረ ገብቶኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ነው፣ ልጄ። መጀመሪያ ቀጭኑ ድምፅ ሄደ። ከዚያ ስልኩ። ጣቴ ያውቀዋል እያልኩ ራሴን አሞኘሁ። ያንቺን ጎማ ሳስር የሰማሁት ድምፅ የሽቦው አልነበረም፣ የድሮው ነው፤ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው። በዚያ ላይ አንቺን ተራራ ላይ ሰደድኩሽ፣ ለጆሮዬ ውሃ ልታመጪ። ጎማውን በገዛ እጄ አሳስቼ፣ መንገዱን በገዛ እጄ አሳየሁሽ። ይህን የሚያክል ነገር ለጉልበቴ ነው ብዬ በሁለት ቃል አለፍኩት። አንቺም አውቀሽ ዝም አልሽ። የአንድ ቤት ልጆች ነን፣ ምን ይደረግ።

መጽሐፍ ሻጩን ይቅርታ ጠይቄ ጎማውን እንደ አዲስ አሰርኩለት። ባለመለኪያው መሣሪያውን አላውስም፣ ራሴ ይዤ እመጣለሁ አለኝ። እኔ እወጥራለሁ፣ እሱ ይለካል፤ ሲሳሳት በጣቴ አሳየዋለሁ፣ ስሳሳት በጣቱ ያሳየኛል። ከሱቁ በር ላይ ወረቀት የለጠፈውም እሱ ነው፤ የፊደሉ ትልቅነት ከማዶ ይነበባል። «ባለሱቁ አይሰሙም። ገብታችሁ ትከሻቸውን ንኩ» ይላል። ቀደም ሲል ቢሆን እቀደው ነበር።

የሠራሽውን ጎማ ሐይቁ ዘንድ ላለ ደህና ጠጋኝ አሳዪው። መልካም ነው ካለሽ፣ ፈቃድሽ ሳያልቅ የቀረሽን መንገድ ንጂው፤ ለእኔ ብለሽ አትመለሺ። ጠርሙሱ ከከበደሽ ድፊው። ካመጣሽውም አክስትሽ ለአበቦቿ ትፈልገዋለች።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የሄድሽ ዕለት ከሥራዬ ቀና ስል በሩ ባዶ ነበር። ሳትሰናበተኝ ሄደች ብዬ ተቀየምኩሽ፤ ሦስት ጊዜ መጥራትሽን ስትጽፊልኝም ውሸቷን ነው ብዬ ነበር። የበሩን ወረቀት አንቺም ብታነቢው ይሻላል። ስትመጪ በር ላይ ቆመሽ አትጥሪኝ። ገብተሽ ትከሻዬን ንኪኝ።

አጎትሽ